ትንሽ ጀልባ በትልቅ ደላላ እጅ፦ ያገለገለች ባለሸራ ጀልባ ስለሚያሻሽጥ አንድ አገልግሎት

ያገለገሉ ጀልባዎችን በኮሚሽን የሚያሻሽጥ አንድ የድለላ ድርጅት ትንሿን ባለሸራ ጀልባዬን ለሦስት ወር በእጁ ካቆየ በኋላ ገዢ ሳያገኝላት መልሶልኛል። እኔ ራሴ ማስታወቂያ ባወጣሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ተሸጠች። ጀልባዋ ያችው ናት፤ የጠየቅሁት ዋጋም ድርጅቱ ካወጣላት ዋጋ ብዙም አልራቀም። ስለዚህ በሁለቱ ሙከራዎች መካከል ምን እንደተለወጠ መመርመር ተገቢ መስሎ ስለታየኝ፣ አገልግሎቱን ከውሉ ፊርማ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እንዳየሁት እገመግመዋለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ሠራተኞቹ ትሑታን ነበሩ፣ ጉድለቱም ለትልልቅ ጀልባዎች የተበጀ አሠራር ለትንሿ ሲውል የሚፈጠር እንጂ የአንድ ቢሮ ጥፋት ብቻ አይመስለኝም። የምሰጠው ነጥብ ከአምስት ሁለት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጀልባዋ ጥቂት ልበል፤ ዕቃው ሳይታወቅ የአሻሻጩን ሥራ መመዘን አይቻልምና። ጀልባዋ ሌዘር የሚባለው ዓይነት ናት። ይህን ዓይነት የነደፈው ካናዳዊው ብሩስ ከርቢ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በኒው ዮርክ የጀልባ ትርዒት ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ከ200,000 በላይ ተሠርቷል። ርዝመቷ 4.2 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 1.4 ሜትር ያህል፣ የባዶ አካሏ ክብደትም 59 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ይነዳታል፣ ሁለት ሰው አንሥቶ መኪና ጣሪያ ላይ ይጭናታል። ያላት ሸራ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ቁራጭ ሆኖ እርስ በርሱ በሚሰካ ምሰሶ ላይ እንደ እጅጌ ይጠለቃል። አካሏ ሳይነካ ሸራውና የታችኛው የምሰሶ ቁራጭ ብቻ እየተቀየሩ በ7.06፣ በ5.76 ወይም በ4.7 ካሬ ሜትር ሸራ ልትነዳ ስለምትችል፣ ከባዱ አዋቂም ቀላሉ ታዳጊም ገዢዋ ሊሆን ይችላል። ከአትላንታው የ1996 ኦሊምፒክ ጀምሮ የኦሊምፒክ መወዳደሪያ ሆናለች፤ ከቤጂንጉ የ2008 ኦሊምፒክ ጀምሮ ደግሞ በመካከለኛው ሸራ የሴቶች መወዳደሪያ ናት። ይህን ያህል በብዛት የተሠራችና ይህን ያህል የተጻፈላት ጀልባ ገዢዋ የት የት እንደምትደክም አጥንቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የሚያሻሽጣት ሰው ቢያንስ የገዢውን ያህል ሊያውቃት ይገባል። የግምገማዬ መለኪያ ይኸው ነው።

ውሉ አራት ገጽ ነበር። ኮሚሽኑ ከሽያጩ ዋጋ አሥር በመቶ ሲሆን፣ ይህ በጀልባ ድለላ የተለመደ መጠን በመሆኑ ሳልከራከር ተቀበልሁት። ይሁንና እዚያው አንቀጽ ሥር «ከዝቅተኛው ክፍያ ያላነሰ» የሚል ሐረግ ነበረ። ያ ዝቅተኛ ክፍያ መኝታና ሞተር ላለው ጀልባ ኢምንት ነው፤ ለእኔዋ ሲሰላ ግን ከዋጋዋ ወደ አንድ አራተኛው ይጠጋ ነበር። ሐረጉ አልተደበቀም፤ ብጠይቅ ኖሮ ይነገረኝ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ነገር ግን አሥር በመቶ የሚለውን ደጋግሞ የጠራ ወኪል ሌላውን አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣቱ ቅር አሰኝቶኛል። በድርጅቱ በኩል ሆኖ ላየው ዝቅተኛ ክፍያው ምክንያት አለው፤ ስልክ መመለስ፣ ጀልባ ማሳየትና ወረቀት ማዘጋጀት ለትልቁም ለትንሹም የሚወስደው ጊዜ ያው ነው። ይኸው ምክንያት ግን ትንሽ ጀልባ ለቢሮው እንደማታዋጣ፣ ስለዚህም ወረፋዋ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እንደሚሆን አስቀድሞ ይናገራል፤ እኔ ያንን ለማንበብ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ሌሎች ሁለት አንቀጾችም አሉ። አንደኛው የብቸኛ ውክልና አንቀጽ ነው፤ በሦስቱ ወራት ውስጥ ለገዛ ጎረቤቴ ብሸጣት እንኳ ኮሚሽኑን እከፍላለሁ ማለት ነው። ሁለተኛው ውሉ ካበቃ በኋላም የሚዘልቅ ግዴታ ሲሆን፣ ጀልባዋን በእነርሱ በኩል ያየ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ከገዛት ድርሻቸው እንዲከፈላቸው ያዛል። ሁለተኛውን ፍትሐዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ደላላ ካገናኘ በኋላ እሱን ዘሎ መገበያየት ነውር ነውና። ሆኖም ያዩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ውሉ ውስጥ ማስገባት ነበረብኝ፤ ባለማስገባቴ በኋላ ዝርዝሩን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ማስታወቂያው የአገልግሎቱ ደካማ ክፍል ነበር። ፎቶ አንሺው የመጣ ዕለት ጀልባዋ መሸፈኛዋን ለብሳ ነበር፤ ሳይገልጣት አነሣት። ከአምስቱ ፎቶዎች ሦስቱ ሰማያዊ ጨርቅ የተከናነበ ረዘም ያለ ነገር ያሳያሉ፤ አራተኛው ተጎታቹን፣ አምስተኛው የኋላ ግድግዳዋን። ምሰሶዋ ቆሞ፣ ሸራዋ ተወጥሮ የታየበት አንድም ፎቶ የለም። ጽሑፉ ደግሞ «በጥሩ ሁኔታ ላይ የምትገኝ፣ ለጀማሪም ለባለልምድም የምትስማማ» ይላል፤ ይህ ስለ ማንኛውም ጀልባ ሊባል የሚችል ዐረፍተ ነገር በመሆኑ ስለ የትኛዋም አይናገርም። ከጽሑፉ ሥር ያለው ሠንጠረዥ ለሁሉም ጀልባ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የእኔዋ ገጽ ላይ «የመኝታ ብዛት፦ 0፣ የመጸዳጃ ብዛት፦ 0፣ የሞተሩ የአገልግሎት ሰዓት፦ አልተገለጸም» የሚል ሰፍሮ ነበር። ሞተር የሌላት መሆኗን የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ሞተሯ ምስጢር ያለበት ሊመስለው ይችላል። በአንጻሩ ገዢ በእርግጥ የሚፈልጋቸው ነገሮች፣ ማለትም የተሠራችበት ዓመት፣ የሸራው ዕድሜ፣ የትኛው የምሰሶ ቁራጭ እንደሚሰጥ፣ ጀልባዋ ጨው ውሃ ላይ ወይም ሐይቅ ላይ መዋሏ፣ የሚጻፉበት ቦታ አልነበራቸውም። ይህንን ለወኪሉ ባስታወስሁት ጊዜ ሠንጠረዡ ከሲስተሙ እንደሚመጣና ሊለወጥ እንደማይችል ነገረኝ።

በሦስት ወር ውስጥ ጀልባዋን ሊያዩ የመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ቤተሰቡን ሁሉ የሚይዝ ጀልባ ይፈልግ ስለነበር ገና ከሩቅ ሲያያት ሐሳቡን ለወጠ፤ የተወጠረ ሸራና የተቀመጠ ሰው የሚያሳይ አንድ ፎቶ ቢኖር መንገዱ በቀረለት ነበር። ሁለተኛው ግን ገዢ ነበር። ጎንበስ ብሎ የምሰሶውን መትከያ ጉድጓድ በእጁ ዳበሰና «ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል?» ሲል ጠየቀ። ወኪሉ ፈገግ ብሎ «ኧረ በፍጹም፤ ጠብታ ውሃ አይይዝም!» አለው። ሰውየው አመስግኖ ሄደ።

ነገሩን ላልለመደ አንባቢ ላብራራ። በዚህች ጀልባ ምሰሶው ከጎንም ከፊትም በገመድ አይደገፍም፤ ከላይኛው ገጽ ወደ ታች በተሠራ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተሰክቶ ብቻውን ይቆማል። የነፋሱ ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ጉድጓድ አፍና ግርጌ ላይ ስለሆነ፣ ከዓመታት በኋላ የግርጌው ማያያዣ ሊሰነጠቅ፣ በስንጥቁም ውሃ ወደ አካሏ ውስጥ ቀስ እያለ ሊገባ ይችላል፤ ካልተጠገነ አንድ ነፋሻ ቀን ምሰሶው የላይኛውን ገጽ ገንጥሎ ይወድቃል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ጉድጓዱን በውሃ ይሞሉታል፣ የውሃውን ከፍታ ምልክት ያደርጉበታል፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ያያሉ። ውሃው ካልቀነሰ ጉድጓዱ ጤነኛ ነው። ስለዚህ የሰውየው ጥያቄ «ጤነኛ ነው ወይ?» ማለት ነበር፤ የወኪሉ መልስ ደግሞ «ኧረ በፍጹም፣ ተሰንጥቋል» ማለት ሆነ። ከጎናቸው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ለማረም አፌን ስከፍት ሰውየው ወደ መኪናው እየሄደ ነበር። ተከትዬው ብሄድም ባለቤት ሲሯሯጥ የሚያይ ገዢ ጥርጣሬው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ውሉ እንዳበቃ ጀልባዋን ወሰድሁና ገዢ ሊያደርገው የሚችለውን ፍተሻ ሁሉ ራሴ አደረግሁ። ጉድጓዱ ውሃውን አንድ ሰዓት ሙሉ ያዘ፤ ይህንን ከምልክቱ ጋር ፎቶ አነሣሁት። ቀጥዬ ያደረግሁት የአየር ፍተሻ ነው። የላይኛውና የታችኛው የአካሏ ክፍሎች የተጣበቁበትን ስፌት፣ የእያንዳንዱን ብሎንና ቀዳዳ ዙሪያ በሳሙና ውሃ ቀብተው፣ ነጂው እግሩን በሚያሳርፍበት ጎድጓዳ ስፍራ ያለውን ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍነው፣ በኋላ ግድግዳዋ ባለው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ በአፍ ወይም በእጅ ፓምፕ በቀስታ አየር ሲነፉ፣ የሚያስገባው ቦታ አረፋ ይሠራል። የመኪና ጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር መጠቀም ግን አደጋ ነው፤ ስፌቱን ሊፈለቅቀው ይችላል። በእኔዋ ጀልባ አረፋው የታየው ከጎድጓዳው ስፍራ ውሃ መምጠጫ ዙሪያ ነበር። መምጠጫውን ፈትቼ፣ አሮጌውን ማሸጊያ ፍቄ፣ ለጀልባ በተሠራ ማሸጊያ መልሼ ገጠምሁት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በሚዛን ሳስመዝናት 62 ኪሎ ግራም ሆነች። ልኳ 59 ስለሆነ ትርፉ በአብዛኛው ውስጧ የቀረ እርጥበት እንደሆነ ገመትሁ፤ ቡሿን ከፍቼ በጥላ ሥር ሁለት ሳምንት ሳደርቃት ወደ 60 ወረደች። የላይኛው ገጽ ውስጡ ስፖንጅ መሰል ጠንካራ ንጣፍ ያለው የፋይበርግላስ ሥራ በመሆኑ፣ ዓመታት ሲያልፉ ነጂው በሚቀመጥባቸው ጎኖች በኩል ሽፋኑ ከንጣፉ ይላቀቅና ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የእኔዋ በግራ ጎኗ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው እንዲህ ያለ ቦታ አላት። ይህን አልጠገንሁትም፤ የመጠገኛው ወጪ ከሚጨምርላት ዋጋ ስለሚበልጥ ምልክት አድርጌበት ማስታወቂያው ላይ ጻፍሁት።

የላይኛው የምሰሶ ቁራጭም የሚታወቅ ድክመት አለው። አሉሚኒየሙ መጋጠሚያው አጠገብ በሪቬት ስለተበሳ የመታጠፍ ኃይል ሁሉ እዚያ ቀዳዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ብዙ ነጂዎች ቁራጩን ገልብጠው ቀዳዳው በሌላው በኩል እንዲውል በማድረግ ዕድሜውን ያራዝማሉ። መታጠፉን ለማወቅ ቁራጩን ጠፍጣፋ ወለል ላይ ማንከባለል ይበቃል። የእኔ ቁራጭ ቀጥ ያለ ነበር። ሸራዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ስድስት ዓመት ያገለገለ፣ ጨርቁ የላላ፣ ለልምምድ እንጂ ለውድድር የማይሆን፤ ሌላው ሁለት ወቅት ብቻ የተነዳበት። ጀልባዋ ለምን እንደምትሸጥ የሚጠይቅ ሁሉ በመጨረሻ የሚጠይቀው ስለ ሸራው ነው፤ ምክንያቱም አዲስ ሸራ መግዛት ካስፈለገ የያገለገለች ጀልባ ርካሽነት ወዲያው ይጠፋል።

ማስታወቂያውን በዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርቼ ጻፍሁት፤ ጉድለቶቹንም መጀመሪያ አስቀመጥሁ። በርዕሱ ላይ ሁለቱንም ስሞች አስገባሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የዚህ ጀልባ ማኅበር በንግድ ምልክት ክርክር የተነሣ ኢልካ የሚለውን ስም ስለሚጠቀም፣ ታዳጊዎቹ «ኢልካ 7» ወይም «ኢልካ 6» እያሉ ሲፈልጉ፣ የእኔ ዕድሜ እኩዮች ግን አሁንም «ሌዘር» ብለው ይፈልጋሉና። የአካሏ ቁጥርም ከሸራው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን ጽፌ ሁለቱንም ፎቶ አነሣሁ፤ በዚህ ዓይነት ጀልባ የሸራው ቁጥር የሚወሰደው ከአፍንጫዋ ቀለበት ሥር ወይም ከኋላ ግድግዳዋ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር በመሆኑ፣ መግጠሙ ዕድሜዋን ያሳያል፣ የተሰረቀች ናት ከሚል ጥርጣሬም ያድናል። ፎቶዎቹ አሥራ አራት ሆኑ፦ ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥማ፣ ተገልብጣ ሆዷ ታይቶ፣ መሪዋ፣ የመሃል ሰሌዳዋ፣ ገመዶቿና መዘውሮቿ ሣር ላይ ተዘርግተው፣ የተሰረጎደው ቦታ በቅርብ። ተጎታቹንና የእጅ ጋሪውን ለብቻ ዋጋ አወጣሁላቸው፤ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ተጎታች አላቸው፣ ለማይፈልጉት ነገር እንዲከፍሉ ማድረግ ድርድሩን ከመነሻው ያበላሻል።

ሰባት ሰዎች ጻፉልኝ። አንዱ ሳያያት ከጠየቅሁት በላይ እከፍላለሁ፣ ትርፉን ለጫኚው ትልክልኛለህ ያለ ነበር፤ ይህ የታወቀ የማጭበርበር ስልት ስለሆነ መልስ አልሰጠሁትም። ሌላዋ በአራት መልእክት ዋጋውን በግማሽ ለማውረድ ሞከረች። ሦስቱ መጥተው አዩ፤ ሦስቱም ጉድጓዱን ዳብሰዋል። የገዛት ሰው ያን የውሃ ፍተሻ ራሱ እንዲደግመው ጋበዝሁት፤ ውሃው እስኪታይ ድረስ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየፈታ ሲመረምር ቆየ። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ሐይቁ ላይ ነዳት፤ መጀመሪያ ግን ቀብድ ወስጃለሁ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያም እንዲለብስ አድርጌያለሁ። ተመልሶ ያቀረበው ቅናሽ የተሰረጎደውን ቦታ ብቻ የሚመለከት ነበር፤ ቀድሞ የተነገረ ጉድለት ዋጋው ቀድሞ ስለተቀነሰበት ሁለታችንም ብዙ አልተነጋገርንም።

ለድርጅቱ የሰጠሁት ሁለት ነጥብ ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ፤ ሁለቱም የወረቀት ሥራው ናቸው። ያዘጋጁልኝ የሽያጭ ውል ረቂቅ እጅግ ጥሩ ነው። የጀልባዋን ቁጥር፣ አብረው የሚሰጡ ዕቃዎችን ዝርዝር፣ ዕዳም ሆነ መያዣ የሌለባት መሆኗን የሚያረጋግጥ የሻጭ ቃል፣ «ባለችበት ሁኔታ» መሸጧን፣ የቀብዱን መጠንና ቀብዱ በየትኛው ሁኔታ እንደሚመለስ በግልጽ ያስቀምጣል። እኔ ስሸጥ የተጠቀምሁት ይህንኑ ረቂቅ ነው፤ ወኪሉንም አስፈቅጄዋለሁ፣ ሳያንገራግርም ፈቅዷል። የቀብድ ገንዘብ በሦስተኛ ወገን ሒሳብ የሚይዙበት አሠራርም አላቸው፤ ለእኔዋ አላስፈለገም እንጂ ገዢውና ሻጩ በማይተዋወቁበት፣ ምናልባትም በባንክ ብድር በሚፈጸም የትልቅ ጀልባ ሽያጭ ላይ ለኮሚሽኑ በቂ ምክንያት ነው። ሞተር፣ መኝታ፣ የመንግሥት ምዝገባና የመድን ታሪክ ያለው ጀልባ ላለው ሰው ይህን ድርጅት ከመምከር ወደኋላ አልልም። በመኪና ጣሪያ ላይ የምትጫን ጀልባ ላለው ግን፣ የሚጠይቁትን ዝቅተኛ ክፍያ ከጀልባዋ ዋጋ ጋር ሳያነጻጽር እንዳይፈርም፣ ደግሞም ወኪሉን «የምሰሶው ጉድጓድ ውሃ ይይዛል?» ብሎ እንዲጠይቀው እመክራለሁ።

ሦስተኛውን ነጥብ ልሰጣቸው አስቤ የተውሁት በአንድ ነገር ነው። ውላችን ካበቃ፣ ጀልባዋም ከተሸጠች ከአምስት ሳምንት በኋላ ማስታወቂያቸው እንዳለ ነበር። ሁለት ጊዜ እንዲያነሡት ጻፍሁ፤ ሁለት ጊዜም በትህትና እንደሚያነሡት መለሱልኝ። ይህን እስከጻፍሁበት ቀን ድረስ ጀልባዋ ሰማያዊ ጨርቋን እንደተከናነበች፣ ከዜሮ መኝታዋና ከማይታወቀው የሞተር ሰዓቷ ጋር፣ «ለሽያጭ የቀረበች» ተብላ እዚያው ገጽ ላይ ትገኛለች።